የይማም ንዳድና የእኔ እግር

ባሕር ዳር፣ ፔዳ ሰፈር፣ ተማሪዎች ሻይና ሳምቡሳ ከሚሻሙባቸው ደጃፎች መካከል፣ አንዲት ክሊኒክ አለች። ባለፈው ወር የልጅ ልጄን ሰሚራን ይዤ እዚያ ሄጄ ነበር። ይዤ ሄድሁ ማለቴ ለክብሬ ነው እንጂ፣ ከባጃጅ ደግፋ ያወረደችኝም፣ አስፋልቱን ያሻገረችኝም እሷ ናት፤ በሽተኛዋም እሷ ናት። ሰሚራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ክረምቱ ሲወጣ ለትምህርት ብላ ከጓደኞቿ ጋር ቆላ ድባ ሰንብታ መጣች፤ መጥታ ብዙም ሳትቆይ ወባ ጣላት፤ ኪኒን ዋጠች፤ ዳነች። ከዚያ ወዲህ ከከተማ ወጥታ አታውቅም። ዝናቡ ከቆመ ከርሟል፤ አጎበሯንም ማታ ማታ ፍራሹ ሥር የምወትፍላት እኔው ነኝ። ይኸው ግን ያው ብርድ፣ ያው መንዘፍዘፍ፣ ያው ላብ ተመልሶ መጣባት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ረጋ ያለ። ደሟን አስመርምሮ "ወባ ነው" ሲላት ሰሚራ ተቆጣች።

"ኪኒን ወስጄ ድኜ ነበር እኮ ዶክተር። ቆላም አልወረድሁም። ከየት መጣ?"

"ከየትም አልመጣም" አላት። "ያኔውኑ አብሮሽ ነበር።"

ከዚያ እጁን በቀኝ ጎኑ ከጎድኑ በታች አስቀምጦ ያስረዳን ጀመር። "ትንኟ ስትነክስ የምታስገባው ተሐዋሲ ደም ውስጥ አይዘገይም። ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ጉበት ገብቶ ይሸሸጋል። እዚያ ሆኖ ይራባል፤ በዚያ ጊዜ ሰውየው ይበላል፣ ይሠራል፣ ምንም አያመውም። ሲበቃው ከጉበት ወጥቶ ደም ውስጥ ይገባል፤ ንዳዱ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው። አንቺን የያዘሽ ዓይነት ግን አንድ ተንኮል አለው። ሁሉም አይወጣም። ከፊሉ እዚያው ጉበት ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ወራት ይተኛል፤ ዓመት የሚያልፈውም አለ። ተኝቶ ሳለ አያምም፤ ደም ቢመረመርም አይታይ። ከዚያ በራሱ ጊዜ ይነቃል።"

"ኪኒኑስ?"

"አንደኛው ኪኒን ደም ውስጥ ያለውን ነው የሚገድል። የተኛውን አይነካውም። ለተኛው ሌላ ኪኒን አለ፤ ሁለት ሳምንት የሚወሰድ። ያኔ አልሰጡሽም?"

ሰሚራ አንገቷን ደፋች። "ሰጥተውኝ ነበር። ሲሻለኝ ተውሁት።"

እኔ የወረታ ልጅ ነኝ። የፎገራ ሜዳ ላይ ውኃው ሲሸሽ አምባዛ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ እንደሚቆይ፣ ሰው ሞተ ሲል ዝናብ ጠብቆ ብቅ እንደሚል አይቼ ነው ያደግሁት። ስለዚህ የሐኪሙ ነገር አልከበደኝም። የከበደኝ ሌላ ነው።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ" አልሁት። "ይኼ የተኛው ነገር፣ ቤት ውስጥ አዲስ ሰው ሲገባ ይነቃል?"

"እንዴት ያለ ሰው፣ እማማ?"

"ሙሽራ።"

ሰሚራ ሳቀች። ሐኪሙ አልሳቀም፤ ዓይን ዓይኔን አየኝ። "ጉበት ውስጥ ተኝቶ ማን እንደገባ በምን ያውቃል፣ እማማ?" አለኝ።

እውነቱን ነው፤ በምን ያውቃል? ይህችን መልስ ከአርባ ዓመት በላይ ስፈልጋት ኖሬያለሁ። ይህን ያህል አጭር መሆኗ አናደደኝም፣ አሳቀኝም።

ሙሽራዋ እኔ ነበርሁ። ያን ጊዜ ባሕር ዳር ሲባል እንደ ዛሬው ሆቴል በሆቴል አልነበረም። የመንገዱ ዘንባባዎች ገና ለጋ ነበሩ፤ ሐይቁ ከየትም ይታያል፤ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ሲያፏጭ ሴቱ ድስት ይጥዳል፣ ሲያፏጭ ወንዱ ከሥራ ይገባል። ሰዓት ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ያለውም ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ነው የሚሄድ፣ እንዲታይለት። አንድ ትልቅ ፓፓያ በአሥር ሳንቲም ይገኛል፤ በስሙኒ ሻይም ዳቦም ይደርሳል። ወረታ የአባቴ ሱቅ አቡጀዲ፣ አሞሌ ጨው፣ ስኳርና የናይለን ሻሽ ይሸጥ ነበር፤ የስኳሩ ጆንያና የአዲስ አቡጀዲ ሽታ ተቀላቅሎ እስከ ዛሬ የትም ቢሸተኝ የአባቴ ሱቅ ነው የሚመስለኝ። ይማም በዚያ በር የገባ ቀን ቤልቦተም ሱሪ ለብሶ፣ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ማበጠሪያ ሰክቶ ነበር። አፍሮው ከበሩ ጉበን ጋር ሊጋጭ ምንም አልቀረው። አባቴ "ይኼ ልጅ ነጋዴ ነው ወይስ ዘፋኝ?" አለ፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ዘፋኝም ቢሆን ግድ የለኝም ብዬ አሰብሁ።

ነጋዴ ነበር። ከባሕር ዳር በጀልባ ተሳፍሮ ጎርጎራ ይወርዳል፤ ከዚያ ደንቢያ፣ ቆላ ድባ ገበያ ገብቶ ሽምብራ፣ ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት ገዝቶ ይመለሳል። ጀልባው ደሴት ለደሴት እየቆመ ነው የሚሄድ፤ ቄሶችም፣ ነጋዴዎችም፣ ዶሮዎችም አንድ ላይ። ይማም ሲመለስ ልብሱ ሁሉ አዝሙድ አዝሙድ ይሸታል። ከሰርጋችን በፊት በነበረው መኸር እዚያው ደንቢያ ሳለ ንዳድ ያዘው። ማንም ጉዳዬ አላለው። ቆላ የወረደ ሰው ሁሉ ንዳድ ይይዘዋል፤ ነጭ መራራ ኪኒን ይውጣል፤ ይነሣል። ይማምም ዋጠ፤ ተነሣ። ጥር ላይ ኒካሓችን ታሰረ፤ ድቤው ተመታ፤ መንዙማው እስኪነጋ ተባለ፤ እኔም እጄና እግሬ በእንሶስላ ቀልቶ፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ቤታቸው ገባሁ።

አማቴ እማማ ፋጡማ ለሰው ደግ፣ ለምልክት ግን ጥብቅ ነበሩ። አዲስ የገባ ሰው፣ ሙሽራም ይሁን ሠራተኛ፣ የተገዛች ላምም ብትሆን፣ እግሩ ይታያል ይላሉ። ከገባ በኋላ ቤቱ ከበረከተ እግረ እርጥብ ነው፤ ከጎደለ እግረ ደረቅ። ይህ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም ያደግንበት ነው፤ እኔም አምን ነበር። በመጀመሪያ ሳምንታት ላሚቱ ወለደች፤ ሽምብራውም ዋጋ አወጣ። እማማ ፋጡማ ጎረቤት ሰብስበው "የልጄ ሚስት እግር እርጥብ ነው፤ አላህ ይጠብቅልኝ" ይሉ ነበር። እኔ ይህን ስሰማ በሐፍረት ጓዳ እገባለሁ፤ እዚያ ብቻዬን እግሬን እያየሁ ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት ይማም ከሱቅ ሲገባ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ጋቢ ደረብሁለት፤ ብርድ ልብስ ደረብሁለት፤ እኔም ላዩ ላይ ተኛሁ። አልጋው ሳይቀር ይንቀጠቀጣል።

"ቆላ ወርደህ ነበር?" አሉት እናቱ።

"አልወረድሁም፤ ሱቅ ነው የዋልሁ።"

"ቢንቢ ነክሶህ ነው እንዳልል ጊዜው አይደለ። ግድግዳው ገና አምና ነው በመድኃኒት የተረጨ።"

እውነት ነው፤ የወባ ሰዎች ቤቱን ረጭተውት ነበር፤ ነጩ ዱቄት ግድግዳው ላይ ይታያል። ትንኝ የለ፤ ዝናብ የለ፤ ቆላ የወረደ የለ። እማማ ፋጡማ ዙሪያውን ተመለከቱ። በዚያ ቤት ውስጥ አዲስ ነገር ብትኖር እኔ ብቻ ነበርሁ። ዓይናቸው ከፊቴ ወደ እግሬ ሲወርድ አየሁት። ዛሬ ሳስበው ሴትዮዋ ሞኝ አልነበሩም። ያወቁትን ሁሉ አስልተው ነው እኔ ላይ የደረሱት። ጉበት ግን በስሌታቸው ውስጥ አልነበረም፤ በማናችንም አልነበረም።

ይማም ኪኒን ዋጠ፤ ለመጠናከርም ወንዛዬ ፍልውኃ ወሰዱት፤ ተሻለው። እኔን ደግሞ "እስቲ ለጥቂት ጊዜ እናትሽ ዘንድ ዕረፊ" ብለው ወረታ ላኩኝ። እኔ ወረታ ሳለሁ ይማም አንድ ቀንም ራሱን አላመመው። ተመልሼ ገባሁ። ጥቂት ሳምንት ደኅና ከረመና ያው መንቀጥቀጥ ተነሣበት። እንደገና ሄድሁ፤ ዳነ። እንደገና መጣሁ፤ ታመመ። እንዲህ ሦስቴ ሲሆን የሰፈሩ ሴት ሁሉ እኔን ሲያይ መንገድ ይለውጥ ጀመር። ሽማግሌ ተቀመጠ። ይማም ክፉ ሰው አልነበረም፤ እናቱን የሚፈራ ሰው ነበር፤ ንዳዱም ፈሪ አድርጎታል። የፈታኝ ዕለት አውቶቡስ ድረስ ሸኘኝ፤ ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ አሳስሮልኝ፣ ለመንገድ ብሎ ሙዝ ገዛልኝ። "ሐዋ፣ እኔ እንጃ" አለኝ። ወረታ እስክደርስ ሙዙን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አለቀስሁ።

ዓመት ሳይሞላ ሐሰን የሚባል ልብስ ሰፊ አገባኝና ወደዚሁ ወደ ባሕር ዳር አመጣኝ። የኖርሁት ኑሮ የሚያስመሰግን ነው። ልጆች ወለድን፤ ሐሰን የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ሬዲዮው ከጎኑ ያዜማል፣ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ። ግን አንዲት ነገር አብራኝ ኖረች። አዲስ ቤት ሲመረቅ ሌላው ሰው ገብቶ እስኪያልቅ ደጅ እቆማለሁ። ሙሽራ የገባችበት ቤት የመጀመሪያውን ሳምንት አልረግጥም። አራስ ለመጠየቅ ስሄድ ሌላ ሴት አስቀድሜ ነው የምገባ፤ ሴት ካጣሁ ዕቃዬን ለልጅ ሰጥቼ እመለሳለሁ። የገዛ ልጄ አዲስ ቤት ሠርታ "እማዬ፣ አንቺ ቅደሚ" ስትለኝ ጫማዬ ጠበበኝ ብዬ ደጃፍ ላይ ተቀመጥሁ። ሐሰን ያውቅ ነበር። "ይኸው ከአንቺ ጋር ይህን ሁሉ ዘመን ኖርሁ፤ ጉንፋን እንኳ በወጉ አልያዘኝ" ብሎ ያሾፍብኛል። አርጅቶ፣ በልጆቹ መሀል፣ በሰላም ሞተ። ያኔም ቢሆን በሐዘኑ ሦስተኛ ቀን ብቻዬን ስሆን፣ "እግሬ ይሆን እንዴ?" ብያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሲነግርሽ ጆሮሽ ይሰማዋል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ራስሽ ነሽ ለራስሽ የምትነግሪው።

ከክሊኒኩ ስንመለስ ሰሚራ ኪኒኗን ይዛ፣ እኔ የሐኪሙን ቃል ይዤ ገባን። ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት ፊቷ ቆሜ አስውጣታለሁ፤ "ዛሬ ደኅና ነኝ እኮ እምዬ" ስትለኝ "ደኅናማ ይማምም ነበር" እላታለሁ፤ ይማም ማን እንደሆነ አታውቅም። ለእኔ ግን ማወቄ ብቻ አልበቃኝም። ከዚያ ቤት አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ "ሐዋ፣ አንቺ አልነበርሽም" እንዲለኝ ፈለግሁ። እማማ ፋጡማ ካለፉ ቆይቷል። ይማምም ከጥቂት ዓመት በፊት ሞቷል፤ ለቅሶ ሄጄ ከድንኳኑ ዳር ተቀምጬ ተመልሻለሁ። የቀረች ዘይነብ ናት፤ ዋርሳዬ የነበረች፣ የይማም ታናሽ እህት። በዚህ ሁሉ ዘመን ገበያና ለቅሶ ላይ እንገናኛለን፤ ሰላምታችን ሙሉ ነው፤ ጤና፣ ልጆች፣ የኑሮ ውድነት፣ ከዚያ ደኅና ዋይ። ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

አንድ ማለዳ ነጠላዬን ለብሼ ሄድሁ። ድሮ ታንኳ ይጎተትበት የነበረው ዳርቻ ዛሬ ድንጋይ ተነጥፎበት፣ ወጣቱ ፎቶ ይነሣበታል፤ ከወዲያ እንቦጭ ሐይቁን አልብሶታል። የይማም ቤት ግማሹ ለሱቅ ተከራይቶ የሞባይል ካርድ ይሸጥበታል። ዘይነብ በሩ ላይ በርጩማ አውጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። እንደ እኔው አርጅታለች፤ አንድ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል።

"አሰላሙ አለይኩም ዘይነብ።"

"ወአለይኩም ሰላም። ሐዋ ነሽ? ምን እግር ጣለሽ፣ እታለም? ግቢ እንጂ።"

"አልገባም። የምነግርሽ ነገር አለ።"

በቆምሁበት ሁሉንም ነገርኋት፤ ትንኟን፣ ጉበቱን፣ የሚተኛውን፣ ደም ሲመረመር እንደማይታይ፣ ያ የዱሮው ኪኒን እንደማይደርስበት። "ወንድምሽ ደንቢያ ላይ የያዘውን ነው ይዞት የኖረው" አልኋት። "እኔ ብገባም ባልገባም ይነሣበት ነበር።"

ዘይነብ "ይነሣበት እንደነበርማ አውቃለሁ" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"አንቺ ከሄድሽ በኋላም መጣበት እኮ፣ ሐዋዬ። የዚያኑ ዓመት፤ ሌላይቱም ሚስት ሳትገባ። ቤቱ ውስጥ እኔና እማዬ ብቻ ነበርን።"

በሩን ያዝሁ። "እናትሽ ምን አሉ?"

"የእግርሽ ቅሪት ነው አለች። የበሩን ደፍ አንቺ የረገጥሽው ነው ብላ፣ ድንጋዩን አስነቅላ ሐይቅ አስጣለችው። ይኼ አሁን ያለው ሌላ ነው። ከዚያም በኋላ ግን ያዘው። ያን ጊዜ ይማም ከአልጋው ቀና ብሎ፣ 'ሐዋም ሄደች፣ ደፉም ሄደ፤ እንግዲህ ማንን ልታባርሩ ነው?' አላት። እንደተሻለው ሊያመጣሽ ወረታ ሄደ። ያባትሽ ሱቅ በር ላይ ሲደርስ ኒካሕሽ ለሐሰን መታሰሩን ነገሩት። ሳይገባ ተመለሰ።"

"ለምን አልነገራችሁኝ?"

"እማዬ በአላህ አስማለችን። የሰው ልጅ ስም በከንቱ አጠፉ እንዳንባል ዝም በሉ አለች።"

"እሳቸው ከሞቱ ወዲህስ?"

"ከዚያ ወዲህ ደግሞ አፈርሁ" አለች ዘይነብ። "ዛሬ ነገ ስል መሸ። አንቺ አልነበርሽም፣ ሐዋዬ። አፉ በይኝ፤ ይቅር በይኝ።"

ተናደድሁ። ደፍ ነቅሎ ሐይቅ የሚጥል ሰው አንዲት ቃል ወረታ ድረስ መላክ አቃተው ብዬ ተናደድሁ። ይማም ያን መንገድ ሁሉ መጥቶ ሳይገባ መመለሱ ደግሞ አሳዘነኝ፤ ለእሱም፣ ለዚያች እጇ በእንሶስላ ለቀላ ልጅም አዘንሁ። ሐሰንን በማግባቴ አልቆጭም፤ አንድ ቀንም አልተቆጨሁ። የምቆጨው ደጃፍ ላይ ለቆምሁባቸው ቀናት ሁሉ ነው። እያለቀስሁ "አፉ ብያለሁ" አልኋት፤ እሷም ታለቅስ ነበር፤ ካርድ የሚሸጠው ልጅ አንገቱን አውጥቶ አየንና ተመለሰ።

ከውስጥ ሕፃን አለቀሰ። ዘይነብ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። "የልጅ ልጄ ሚስት ናት፤ ከወለደች ገና ሳምንቷ። ከነጋ ሰው አልገባላትም። ግቢና ዱዓ አድርጊላት" አለችኝ።

ሌላ ሴት አልፈለግሁም። ገባሁ። ክፍሉ በአብሽና በቅቤ ሽታ ታፍኗል። አራሷ ልጅ እግር ናት፣ ከሰሚራ አትበልጥም፤ እኔን አታውቀኝም። "እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ" ብዬ እጆቼን ዘረጋሁ፤ ሕፃኑን ሰጠችኝ። እቅፌ ውስጥ ጥቂት ተንፈራገጠና ዝም አለ፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው።

"ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ነበር፤ ይኸው እርስዎ ሲገቡ ተኛ" አለችኝ አራሷ። "እግርዎ እርጥብ ነው፣ እማማ። ዘወትር ይምጡልን።"

ዘይነብ በሩ ላይ ፊቷን አዞረች። እግር ደረቅም እርጥብም እንደሌለው ሐኪሙ ካስረዳኝ ገና ወሩ አልሞላም፤ ልጅቷን ላርማት ከጀለኝ። ተውሁት። በዚያ ቤት ስሜ በከንቱ የጠፋውን ያህል፣ አንድ ቀን በከንቱ ብመሰገን ምን አለበት ብዬ፣ "እሺ ልጄ፣ እመጣለሁ" አልኋት።